ያልተላከው ሊንክ

ይህ በትክክል የደረሰ ነው። የማያምን አይመን፤ እኔ ለማሳመን ተቀጥሬ አይደለም የምጽፈው። ባለታሪኳ አንብባው «አንድ ቃል ሳትቀንስ ለጥፈው» ብላኛለች።

ግንቦት 2015 ዓ.ም.። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የአንድ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም። ጅብም አልጮኸም። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች፤ ታች የታክሲ ረዳቶች «ገርጂ! ገርጂ!» ይላሉ።

ፍርሃት ጨለማ ጠብቆ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ካለ፣ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ቢሊሱማ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። የምትሠራው በአንድ ሪል ስቴት የደንበኞች ግንኙነት ክፍል ነው። ጊዜው በከተማዋ ዳርቻ ከዛፍ ይልቅ ክሬን የሚበዛበት ነበር። ኩባንያውም ለሚ ኩራ ዳር ላይ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ሊሠራ መሬት ተረክቧል።

መሬቱ ላይ ግን አንድ አሮጌ የመቃብር ቦታ ነበረ።

ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረበት። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲዛወር ሙታኑ እዚያው ቀሩ። የገበሬዎቹ መንደር ፈርሶ ሰዉ ሲበተንም... ሙታኑ እዚያው ቀሩ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ቦታው ሲፈለግ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ በተባለው ቀን መጥቶ አፅም ያነሳል። ያላነሳ እንደሆነ ማሽን ይገባል።

የቢሊሱማ ሥራ መንገር ነበር።

ማስታወቂያው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። አድራሻው ሁለት መስመር ሙሉ የሚይዝ ስለነበር፣ ሊንክ በሚያሳጥር አገልግሎት አሳጠረችው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው። በኩባንያው ካርታ ላይ አርባ አንድ መቃብር አለ፤ ስለዚህ አርባ አንድ አጭር ሊንክ። በጽሑፍ መልእክት ትልካለች፤ ተቀባዩ ሲነካው እሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ቆጣሪ ከዜሮ ወደ አንድ ይላል። ማን እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተ፣ ከየት ከተማ እንደሆነ ቁጭ ብላ ታያለች።

«ሊንኩን የከፈተ እንደተነገረው ይቆጠራል» አላት አለቃዋ አቶ መንግሥቱ። «ቤት ለቤት የምንዞርበት ዘመን አልፏል።»

ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጁ ሲጫወት ስልኩን ቢነካበት ተነግሮታል ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

የስም ዝርዝሩ የመጣው ከድሮ የአባወራዎች መዝገብ ነው። ማን ሞተ፣ ማን አለ ብሎ የጠየቀ የለም። አሥራ ዘጠነኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦ አቶ ቀጀላ።

የቢሊሱማ አያት ናቸው። ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው። የተቀበሩትም እዚያው።

አያችሁ? የራሳቸውን አፅም እንዲያነሱ ለራሳቸው ማስታወቂያ!

ቢሊሱማ አያቷ እዚያ መኖራቸውን ለቢሮ ሰው አልተናገረችም። እንጀራዬ ነው ብላ ዋጠችው። ሊንኮቹን ኮምፒውተሩ ባንድ ጊዜ አወጣቸው፤ አርባውን ላከች። አሥራ ዘጠነኛውን ለመላክ ግን እጇ እምቢ አላት።

አልላከችውም። ይህችን ያዙልኝ።

በማግስቱ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ፣ አሥራ ዘጠነኛው ቆጣሪ ዜሮ የነበረው...

አንድ አለ።

የላከቻቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አየች። የለም። ወደ አክስቷ ደወለች።

«አክስቴ፣ የአባባ ስልክ የት ነው?»

«ሳጥን ውስጥ ነዋ። ባትሪው አብጦ ጥዬዋለሁ። ምነው?»

«ምንም።»

ለነገሩ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። ከባትሪው ጋር ቢሆንም ኢንተርኔት አይከፍትም።

በሁለተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት... ሁለት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት... ሦስት።

ሌሎቹ ሊንኮች አጠገብ «አዲስ አበባ» ይላል። የስልኩንም ዓይነት ይጽፋል። አሥራ ዘጠነኛው አጠገብ ምንም የለም።

ለአቶ መንግሥቱ አሳየችው።

«ሮቦት ነው» አላት፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «በራሱ ሊንክ የሚከፍት ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እንዲያውም ጥሩ፤ አርባ አንዱም ተከፈተ። ነገ ሪፖርቱን ፈርሚ። ሐሙስ ማሽን ይገባል።»

በአራተኛው ቀን ቢሊሱማ ቆርጣ መጣች። አሮጌውን ሊንክ ሰረዘችው። አዲስ ሠራች። ስም አልጻፈችበትም፣ ለማንም አላከችም።

ቆጣሪው ዜሮ።

ሰዓቱ ሦስት ከአሥራ ስድስት።

ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«አባባ... እርስዎ ከሆኑ... እዚያ ስንት ናችሁ?»

አሥራ ሰባት ሞላ።

አንድ።

ሁለት። ሦስት። አራት...

ቁጥሩ እየተከታተለ ወጣ። ሃያ። ሠላሳ። አርባ አንድ ላይ ቆመ። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቢሊሱማ ያለቀ መስሏት ወንበሯን ተደገፈች።

ከዚያ...

አርባ ሁለት።

አሁን ዝግ ብሏል፣ መራመድ እንደሚለማመድ ሕፃን። አርባ ሦስት... አርባ አራት...

ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ።

አክስቷ ጋ ደወለች።

«አክስቴ፣ መቃብሩ ውስጥ ያሉት አርባ አንድ ናቸው አይደል?»

ከወዲያ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

«አክስቴ?»

«ማነው የነገረሽ?»

«ስንት ናቸው?»

አክስቷ ደሪቱ ነገረቻት። በኩፍኙ ዓመት በሁለት ሳምንት አሥራ ሰባት ሕፃናት አለቁ። ቀባሪ ደክሞት ነበር፤ በአጥሩ ሥር በተርታ አስተኟቸው። መስቀል የለ፣ ድንጋይ የለ።

«የመጀመሪያ ልጄ እዚያ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ጃለታ። ሁለት ዓመቱ ነበር። ስሙን ሳነሳ ለቅሶዬ አያቆምም ብዬ... ለማንም አላነሳውም።»

አርባ አንድና አሥራ ሰባት። ሃምሳ ስምንት።

ካርታው ላይ የሌሉትን ማንም አያነሳቸውም። ሐሙስ ማሽኑ ከአፈሩ ጋር ዝቆ ሲኖትራክ ላይ ይጭናቸዋል፤ አለቀ።

ቢሊሱማ ፈራች? እንዴታ! ሰው ናት። ግን ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠ። ሪፖርቱን ይዛ አቶ መንግሥቱ ቢሮ ገባች።

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«አርባ አንድ አይደሉም። ሃምሳ ስምንት ናቸው።»

«ማን አለ?»

«ራሳቸው።»

ሳቀባት። «አንቺ ባትፈርሚ ሌላ ሰው ይፈርማል።»

«ይፈርም። እኔ ግን አያቴን በሊንክ አላስነሳም!»

ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ሳቁም ቆመ።

ወንበሯ ላይ ተመለሰች። የአጭር ሊንክ አንድ ምሥጢር አለው፦ ሊንኩ ሳይለወጥ የሚወስድበትን ቦታ መለወጥ ይቻላል። ፓስዎርዷን ሳይዘጉባት አርባውንም ለወጠቻቸው። ከእንግዲህ የነካ ሰው የኩባንያውን ማስታወቂያ አያገኝም። የሚያገኘው ይህን ነው፦

«ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መቃብሩ ጋ ኑ። ሃምሳ ስምንት ናቸው። ለአሥራ ሰባቱ ድንጋይ እናኑርላቸው። የቀጀላ የልጅ ልጅ፣ ቢሊሱማ።»

ለሁሉም እንደገና ላከችው። ቆጣሪዎቹ ዓይኗ እያየ ይዘሉ ጀመር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዘበኛ ዕቃዋን በካርቶን ይዞ እስከ በር ሸኛት።

ሐሙስ ዕለት ሰዉ ከየተበተነበት መጣ። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከለገጣፎ። ደሪቱ ከፊት ቀድማ በአጥሩ ሥር ሄደች። አልለካችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። በጣቷ «እዚህ... እዚህ...» እያለች አሥራ ሰባት ድንጋይ አስቀመጠች። መጨረሻው ላይ ተንበርክካ፣ ስንት ዓመት የያዘችውን ለቅሶ አለቀሰችው።

የስካቫተሩ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «እኔ ሰው ላይ አልነዳም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጉዳዩም «ይጣራ» ተብሎ በይደር ተያዘ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ባልጻፍኩላችሁ ነበር።

ሰኞ አቶ መንግሥቱ ደወለ። ድምፁ የተረጋጋ ነው።

«መቃብሩን እንዲህ ከወደድሽው... ላንቺም ቦታ አይጠፋም።»

ዘጋው።

ፓስዎርዷ ተዘግቷል እንጂ ቆጣሪው አልተዘጋም። በዚያ አገልግሎት አጭሩ ሊንክ ጫፍ ላይ የመደመር ምልክት የጨመረ ማንም ሰው፣ ራሱ ሳይቆጠር፣ ቁጥሩን ያያል። ያንን ለማንም ያልላከችውን ሊንክ በቃሏ ይዛዋለች። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ፣ በራሷ ስልክ ቁጥሩን አየች።

ሃምሳ ዘጠኝ።

ታክሲ ይዛ ወደ መቃብሩ በረረች።

ከጃለታ ድንጋይ ቀጥሎ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አፈሩ አጠገቡ ተቆልሏል። የማሽን ጥርስ አልነካውም፤ ጫፉ በእጅ የተጫረ ይመስላል። ዳሩን ይዛ በእርምጃ ለካችው።

የራሷ ቁመት ነው።

ዙሪያውን አየች። ማንም የለም። መሸሽ ትችል ነበር... ግን ያቺ ልጅ የቀጀላ ዘር ናት።

«ገና ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ሰማችሁ? ማንም ሁኑ ማን... ገና ነኝ!»

አፈሩን በእግሯ ገፋችው፣ በእጇ ዛቀችው። ጥፍሯ ተሰበረ። ግማሹን ሞልታ አቅሟ አለቀ። «ነገ አካፋ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ወደ ጉድጓዱ ምራቋን እንትፍ ብላ ሄደች።

ያን ሌሊት እስኪነጋ ዘነበ።

ጠዋት ከአክስቷ ጋር አካፋ ይዘው መጡ። የሚሞላ ነገር አልነበረም። ጉድጓዱ ሞልቷል። አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ቤት ወለል ለስልሷል።

ሰዓቱን አየች። ሦስት ከአሥራ ሰባት። ቆጣሪውን ከፈተች።

ሃምሳ ስምንት።

ቆጣሪ ወደ ኋላ ሲቆጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ቢሊሱማ...» አለች ደሪቱ። በጣቷ መሬቱን አሳየቻት።

ተጠቅጥቆ በለሰለሰው አፈር ላይ የእግር ኮቴዎች አሉ። የባዶ እግር። ትንንሽ። ከአሥራ ሰባቱ ድንጋዮች ሥር እየተነሱ መጥተው፣ ጉድጓዱ ላይ ተረባርበው ረግጠዋል። ያ ሁሉ ዝናብ አንዱን እንኳ አላጠበውም።

ደሪቱ ተንበርክካ ከሁሉም ትንሹን ኮቴ በስንዝሯ ለካችው። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ላዩ ላይ አለበሰችው።