የገብስማዋ ዶሮ እንቁላሎች

በለጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው መካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ካለቀበት ቦታ ነው። ከእናቷ ከየሻለምና ከስድስት ዶሮዎች ጋር ትኖር ነበር።

ዶሮዎቹ ያሳዝኑ ነበር። ላባቸው የተበጣጠሰ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የእትዬ ሀያት ጁስ ቤት በሰው ይሞላል። ከጓሮው የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ ይከመራል። አንድ ቀን እትዬ ሀያት በለጡን ጠሯት።

«ጭማቂውን ጾመኛው ጠጣው። ልጣጩን ዶሮዎችሽ ለምን አይበሉትም?»

«ዶሮ ልጣጭ ይበላል እንዴ?»

«አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ፣ ከፉርሽካ ጋር ትንሽ ትንሽ ቀላቅይላቸው። የአቮካዶውን ልጣጭና ፍሬ ግን እንዳታስጠጊ፤ ይገድላቸዋል። አብሽሪ፣ የእንቁላላቸው አስኳል እንደ ፀሐይ ካልሆነ ጁስ ቤቴን ዘግቼ ዶሮ እጠብቃለሁ።»

በለጡ ልጣጩን በሰፌድ አሰጣች፤ በሙቀጫ ወቀጠች። ሦስት ሳምንት አለፈ። ዶሮዎቹ ወፈር አሉ፤ ላባቸው ማብረቅ ጀመረ። ልጆች፣ ሰው የጣለው ልጣጭ ላባ ላይ ሲያበራ አይታችኋል? በለጡ አይታ አፏን ከፍታ ቀረች።

አስኳሉን ግን ማየት አልቻለችም። ጾም ነዋ። በቤታቸው እንቁላል የሚሰበረው ፋሲካ ሲደርስ ነው። እናቷ አሥራ ሦስት እንቁላል አጠራቅማ ገብስማዋን ዶሮ አስታቀፈቻት።

«እንቁላል በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚታቀፈው» አለች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ገብስማዋም ጥሬ ልትለቅም ከጎጆዋ ወረደች። በለጡ ሞቃቱን እንቁላል ዳሰሰች።

«አንዱን ብቻ። አልበላውም፤ አየዋለሁ እንጂ» አለች በልቧ።

ከአጥሩ ጀርባ ወስዳ ገል ላይ ሰበረችው።

አስኳሉ በእርግጥም እንደ ፀሐይ ነበር። ላዩ ላይ ግን ከክር የቀጠኑ ቀይ ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። መካከላቸው የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ነበረች። ነጥቧ ትመታ ነበር። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ማን ነው በተዘጋ ቤት ውስጥ ይህን የሠራው? በለጡ ሳታስበው በጉልበቷ ተንበረከከች። ጥቂት ቆይቶ ነጥቧ ዘገየች። ከዚያ ቆመች።

በለጡ አፈር ቆፍራ ቀበረችው። ተመልሳ ስትመጣ ግን ቀሚሷ ላይ የተጣበቀ ቅርፊት ጎጆው አጠገብ መውደቁን አላየችም።

እናቷ ስትመለስ እንቁላሎቹን ቆጠረች።

«አሥራ ሁለት? እኔ ጎዶሎ ነበር ያስታቀፍኳት።» ቅርፊቱን አነሣች። «ይቺ ዶሮ እንቁላሏን መብላት ጀምራለች። ያ ልጣጭ ነው ያስለመዳት፤ ሁለተኛ እንዳታመጪ። እሷም ለፋሲካ ትታረዳለች።»

«እንቁላሎቹስ?»

«አሁን ከሥሯ አነሣቸዋለሁ። አለዚያ ሁሉንም ትጨርሳቸዋለች።»

እናቷ እጇን ከገብስማዋ ሥር ሰደደች። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ጮኸች። በለጡ ግን ሌላ ድምፅ ነበር የሚሰማት። ቱክ፣ ቱክ። አሥራ ሁለት ጊዜ። በውስጣቸው ያለውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብትናገር ትገረፍ ይሆናል። ዝም ብትል ግን ሁሉም ይቆማሉ።

«እማዬ፣ እጅሽን አውጪ። እሷ አልበላችም። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«በላሽው? በጾም?»

«አልበላሁትም። ቀበርኩት። ቢጫውን ለማየት ነው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች።

«ልትታረድ ነበር እኮ፣ ባልሠራችው። በይ ይቅርታ ጠይቂያት።»

«ዶሮዋን?»

«ታዲያ ማንን? እኔ ነኝ ልታረድ የነበርኩት?»

በለጡ ጎንበስ ብላ «ይቅር በይኝ» አለቻት። ገብስማዋ ጣቷን ነከሰቻት። እናቷ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ልጣጩም እንደገና ይመጣ ጀመር።

በሃያ አንደኛው ቀን አሥራ አንድ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በፋሲካ ማለዳ እናቷ የመጀመሪያውን እንቁላል ሰበረችና «በለጡ፣ ነይ እዪ! ፀሐይ ነው የሚመስለው» አለች።

በለጡ መጥታ አየች። ያቺ ነጥብ ስትመታ፣ ኋላም ስትቆም ማየቷን እናቷንም ደብቃት ነበር። አፍራ ነው። ብዙ ዓመት ለማንም ሳትነግር ኖረች። ተምራ፣ አድጋ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። ዛሬ ግን ለእናንተ ነገረቻችሁ። ይህን ታሪክ ስታነብላችሁ ደብተሯን እስከ ዓይኗ ድረስ ከፍ አድርጋ የያዘችው ለዚህ ነው።

ልጆች፣ በጥፋታችሁ ሌላው ሊቀጣ ሲል ዝም አትበሉ፤ እውነቱን ቶሎ ተናገሩ።