ትክክለኛው የመጨረሻው

አምናችሁም አላመናችሁ፣ ይህ እኔ ላይ የደረሰ ነው። ተረት ያማረው ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እኔ ለተረት ጊዜም ጉልበትም የለኝም።

ሰኔ 1979 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦሌ መንገድ ላይ የነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒዩተር ክፍል።

የሻሽወርቅ እባላለሁ። ያኔ የኮምፒዩተር ኦፕሬተር ነበርኩ። ባሌ ረታም እዚያው ነበር የሚሠራው። የሠራተኛውን ሁሉ ፋይል በትልልቅ ቴፕ ላይ የሚገለብጠው እሱ ነው፤ ዋናው ቢጠፋ መጠባበቂያ እንዲሆን።

ረታ ሥራው ወርቅ ነው። ስም ማውጣት ግን አይሆንለትም። ለልጃችን እንኳ ዘርፌ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

"ቴፑ ላይ ምን እንደያዘ፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፍበት እንጂ" እለዋለሁ።

"እኔ አውቀዋለሁ" ይለኛል።

እሱስ ያውቀው ነበር። እሱ ሲታሰር ግን ማን ይወቀው?

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሠራተኛው ፋይል ድምጥማጡ ጠፋ። "የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" ተባለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል ያየ ያውቀዋል። ረታን ከወንበሩ አንስተው ወሰዱት።

በሳምንቱ ኃላፊያችን ጓድ ገረመው ጠጋ አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ፈሪ ናቸው እንጂ።

"የሻሽወርቅ... ፋይሉ ዛሬ ከተመለሰ ይፈቱታል።"

"ካልተመለሰስ?"

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ቴፕ ወደሚቀመጥበት ክፍል ሮጥኩ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ቴፖች አሉ። በረታ እጅ ጽሑፍ አንደኛው ላይ "የመጨረሻው" ይላል። ሌላኛው ላይ "ትክክለኛው የመጨረሻው" ይላል።

ወር የለ። ቀን የለ። ምንም የለ...

ረታዬ፣ ወሩን ብትጽፈው ምን ነበረበት? እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ትክክለኛው" ይላል እኮ። ማንም ቢሆን እሱን ነው የሚያነሳው። ጫንኩት።

ማሽኑ ተቀበለኝ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ረታ ቦሌ ሚካኤል ወዳለው ቤታችን መጣ። እልል ማለት አማረኝ፤ ጎረቤት ፈርቼ ዋጥኩት። እቅፍ አደረገኝ። ከዚያ እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ቀጥ አለ።

"የሻሽዬ... ሆድሽስ?"

"የምን ሆድ?"

"ወለድሽ እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

ልጃችን አልጋው ላይ ተኝታለች። መጋቢት ላይ ነው የወለድኳት። እስኪታሰር ድረስ አቅፎ የሚያስተኛት እሱ ነበር።

ግርፋቱ አእምሮውን ነክቶት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ራት ስንበላ "እማዬ ሰሞኑን አልመጣችም?" አለኝ።

እናቱን ግንቦት ላይ ቀብረናታል። ሲወድቅ ሲነሳ፣ ከመቃብሩ አፋፍ ጎትተን ያመጣነው እሱን ነው።

እጁን ሳብ አደረግኩት። ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ በግ ሲያርድ ቢላዋ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ሐኪም ቤት ተሰፍቶ ነበር።

ጣቱን ወደ መብራቱ አዞርኩት...

ጠባሳ የለም።

ግርፋት ያስረሳ ይሆናል። ጠባሳ ያጠፋል እንዴ?

"ረታ... ወሩ ምንድን ነው?"

"ምን ነካሽ? ጥር ነዋ።"

ውጭ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

በማግስቱ ረታን እንደተኛ ትቼው፣ ልጄን ለጎረቤቴ ለብርቄ ሰጥቼ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጫንኩትን ፋይል ከፈትኩት። የጥር ነው። ከጥር ወዲህ የተቀጠረ አንድም ሰው የለበትም። ከጥር ወዲህ የሆነ ምንም ነገር የለበትም፤ ልክ እንደ ማታው ረታ...

የግንቦቱ "የመጨረሻው" ብቻ የሚለው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ማንንም ሳላስፈቅድ ሁለተኛውን ቴፕ ጫንኩት። "አምላኬ፣ ባሌን መልስልኝ፤ የራሴን ባል መልስልኝ" እላለሁ። እብድ መስያለሁ። ግድም አልነበረኝም።

ማሽኑ አሁንም ተቀበለኝ።

በዝናቡ ውስጥ ወደ ሰፈር በረርኩ። ብርቄ በሯ ላይ ቆማለች።

"ልጄስ?"

"አባቷ ወስዷታል እኮ።"

ቤት ስገባ ረታ አልጋው ላይ ተቀምጦ ታቅፏታል። ልጅቷ አታለቅስም። ዓይኗን ከፊቱ አትነቅልም። በሩን ዘግቼ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ...

በሩ ተንኳኳ።

"የሻሽዬ... ክፈቺልኝ። ፈቱኝ።"

የረታ ድምፅ ነው።

አልጋው ላይ ያለው ረታ ቀና አለ። "አትክፈቺ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ዘርፌ ደህና ናት?" አለ የውጭው። "የእማዬ አርባ ሳልኖር አለፈ፣ አይደል?"

ሁሉንም ያውቃል። ባሌ እሱ ነው። ወደ በሩ ዞርኩ።

"ዘርፌ..." አለ የውስጡ። ስሟን አልነገርኩትም። "ዘርፌ፣ የመጋቢቷ።"

አውራ ጣቱን አየሁት። ቆዳው ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ደም የለውም።

"የሻሽ..." አለ የውጭው። ድምፁ ሳሳ። "የሻ..."

ከበሩ አንድ እርምጃ ሲያፈገፍግ ሰማሁት።

"ይቅርታ፣ እህቴ... ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ።"

ሮጬ ደርሼ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ሰውየው በጭቃው ላይ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያዘግማል። በታሰረ ማግስት የላክሁለትን ጋቢ በብብቱ ሸጉጧል። ትናንት ማታ የመጣው ባዶ እጁን ነበር።

"ረታ!" ብዬ ጮህኩ።

የሚሄደው ሰው ዞር አላለም።

ከጀርባዬ፣ ከቤት ውስጥ፣ "አቤት" አለኝ።