እናቴ አጠገብ የተቀመጠው

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። የደረሰው በእኔው በራሴ ላይ ነው።

ለእህቴ ነግሬያት አላመነችኝም። እናንተም ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ግን አንድ ቦታ ካላወጣሁት መተኛት አልቻልኩም።

ወሩ ነሐሴ፣ ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ።

አዎ፣ በቀን! ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቦታው ጣሊያን አገር ነው። ሉካ የምትባል፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች አሮጌ ከተማ።

ሰዓቱን እንዲህ አጥርቼ የማውቀው ስልኬ ላይ ስለተመዘገበ ነው። እስካሁን አላጠፋሁትም።

ሀሪስ እባላለሁ። የምኖረው ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫንኩና እያወረድኩ ነው የምተዳደረው። ያኔ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። እናቴ ጀናት ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ታላቅ እህቴ ሰብሪያ ደግሞ ራይስዋይክ የምትባል ሌላ ከተማ ናት፤ በየቤቱ እየዞረች አዛውንቶችን ትንከባከባለች።

እናቴ ቀኝ ጉልበቷን ታማ ነበር። ሁይስአርትሷ፣ የቤተሰብ ሐኪሟ፣ ኪኒን ሰጣት፣ ፊዚዮቴራፒ ላካት... ምንም ለውጥ የለም። ከቤታችን እስከ ሜትሮው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እሷ ግን በምርኩዝ፣ ሁለት ጊዜ አርፋ ነበር የምትደርሰው።

ሆላንድ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ።

«ያቺን ዛፍ ያለባትን ከተማ አሳየኝ።»

አባቷ ግንበኛ ነበር። ኮምቦልቻ ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋር ሲሠራ፣ ሽማግሌው ስለ አገሩ ያወራለት ነበር አሉ። «የእኔ ከተማ ውስጥ ግንብ አናት ላይ ዛፍ ይበቅላል» ይለዋል። አባቷ ማታ ቤት ሲገባ ይህንኑ ለእሷ ይነግራታል።

«ልጅ ሆኜ እንኳ ውሸት መሆኑን አውቄበት ነበር» ትል ነበር እየሳቀች።

አንድ ቀን ቴሌቪዥን ስናይ ግንቡ መጣ። ረጅም፣ ቀይ ጡብ... አናቱ ላይ አረንጓዴ ዛፍ።

እናቴ ሶፋው ላይ እንዳለች ጮኸች። «አባቴ! አባቴ አልዋሸም!»

እኔና ሰብሪያ ያን ሳምንት ትኬት ቆረጥን። ሰብሪያ ፈቃድ ስላላገኘች ሁለታችን ብቻ ሄድን።

የመጀመሪያው ቀን... ወላሂ፣ እናቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ክብ የሆነ አደባባይ አለ፤ ቤቶቹ ሁሉ እንደ ቀለበት ተጠማዝዘው ቆመዋል። እዚያ ቁጭ ብለን ዘቢብ ያለበት ዳቦ በሻይ በላን። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ፣ አንድ ዓምድ ላይ መግቢያና መውጫው የሚያደናግር ክብ መንገድ ተቀርጿል። ሰው ሁሉ በጣቱ መንገዱን ይከተላል። እናቴም ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ በጣቷ ተከተለችው።

«ገባሁ» አለችኝ። «መውጫው ግን ጠፋብኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ነው ነገሩ የጀመረው።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ወደ እንግዳ ማረፊያችን ስመለስ፣ እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ኩርፍ ብላለች።

«ምነው እማ?»

«እዚያ ማዶ ቆመህ ሳይህ እየጠራኸኝ መስሎኝ እጄን ባወዛውዝልህ... ዝም ብለህ ታየኛለህ!»

«ማዶ? እኔ እኮ በዚህ በኩል ነው የመጣሁት።»

«ሰማያዊ ሸሚዝህን ለብሰህ።»

ሸሚዜን አየሁ። ሰማያዊ ነው።

የሚመስለኝ ሰው አይታ ነው ብዬ ተውኩት። ግን በዚያ ከተማ አንድ ቀን ሙሉ ስንዞር፣ ከእኛ ሌላ አንድም ሐበሻ አላየንም ነበር።

ምሳ በልተን ወደ ግንቡ ሄድን። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ደርሷል። መንገዱ ላይ ሰው የለም... ድመት እንኳ የለም።

ግንቡ ከሁለት መቶ በላይ ደረጃ አለው። እናቴ ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አንተ ውጣልኝ» አለችኝ። «ዛፉን በእጅህ ንካልኝ። እውነተኛ መሆኑን ንገረኝ።»

ፊት ለፊት ካለው ቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘ የድንጋይ መቀመጫ ነበር። ጥላ ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ፣ ምርኩዟን አጠገቧ አድርጌላት ገባሁ።

ትኬት ቆራጯ መነጽር ያደረገች ልጅ ናት። ስታየኝ ግራ ገባት።

«ደግሞ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ምን ደግሞ?»

«አሁን ወጥተህ የለም እንዴ? ስትወርድ አላየሁህም...»

«ተሳስተሻል። ገና መግባቴ ነው።»

ትኬቱን ሰጠችኝ። ዓይኗ ግን ከፊቴ አልተነሣም።

መውጣት ጀመርኩ።

መሀል ላይ ስደርስ ከበላዬ ኮቴ ሰማሁ። ደረጃው ብረት ነው፤ ጧ... ጧ... ይላል።

ቆምኩ። ኮቴውም ቆመ።

ወጣሁ። ወጣ።

«ሄሎ?» አልኩ ወደ ላይ።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

አናቱ ላይ ስደርስ ማንም አልነበረም። ዛፎቹ ብቻ። ንፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። መውረጃው ያው የወጣሁበት አንድ ደረጃ ነው። ታዲያ ያ ሰው የት ገባ?

እጄን ዘርግቼ አንዱን ግንድ ነካሁት። እውነተኛ ዛፍ ነው። ይህንን ለእናቴ ልነግራት ወደ ጫፉ ሄጄ ቁልቁል አየሁ።

እናቴ ነጭ ሻሿን አድርጋ ቁጭ ብላለች።

አጠገቧ... ሰው አለ።

ወንድ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። ወደ እሷ ተጠግቶ ተቀምጧል፤ ቦርሳዋን እሱ ጭን ላይ አድርጋለች።

ሌባ ነው አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። ከላይ ሆኜ ስልኳን ስታወጣ አየኋት።

«ሄሎ፣ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማ። ሀሪስ።»

ሳቀች። «ወይ አንተ! አጠገቤ ቁጭ ብለህ እንዴት ትደውልልኛለህ? ስልክህንም አላወጣህ!»

ወደ ጫፉ ይበልጥ ተጠጋሁ።

«እማ... ቀና በይ። ወደ ላይ እዪ።»

ቀና አለች። በእጇ ፀሐዩን ከለለች። እጄን አወዛወዝኩላት።

ሳቋ ተቋረጠ።

አጠገቧ ያለው ሰው ቀና አላለም።

«እማ፣ ድምጽሽን ዝቅ አድርጊ። ማነው እሱ?»

«አንተ ነህ...» አለች በሹክሹክታ። «አንተ ነህ እኮ። ሀሪስ... እጄን ይዞኛል።»

«አስለቅቂውና ተነሽ!»

«አይለቅም።»

የደረጃው በር ላይ ደረስኩ። ግን ልወርድ ስል ፈራሁ፤ ከዓይኔ ከተሰወረች የምትጠፋ መሰለኝ። ተመለስኩ።

«አንድ ነገር ጠይቂው። እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀውን።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ጮክ አድርጋ ጠየቀችው።

«ልጅ ሆነህ... ገበያ የጠፋህ ቀን፣ የት ነበር ያገኘሁህ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ የገዛ ድምጼን ሰማሁ።

«ጨው ተራ። ጆንያ ላይ ተኝቼ። አንድ እግሬ ጫማ አልነበረውም።»

ጫማውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ልክ ነው...» አለች እናቴ እያለቀሰች። «ሀሪስ፣ ልክ ነው የመለሰው። ታዲያ አንተ ማነህ?»

«እማ! እኔ ነኝ! ልጅሽ ነኝ!»

ያን ጊዜ ሰውየው ቀና አለ።

ፊቱ ከዚያ ርቀት በደንብ አይታይም። ግን እጁን አነሣና አወዛወዘልኝ... ልክ ቅድም እኔ እንዳወዛወዝኩት።

ስልኩ ተቋረጠ። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ይላል።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጉልበቴ ተልጦ፣ ክርኔ ደምቶ ታች ደረስኩ። ትኬት ቆራጯ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣች።

«አሁን እኮ ወጥተህ ሄድክ» አለችኝ።

መንገዱ ላይ ወጣሁ።

መቀመጫው ባዶ ነው። ምርኩዟ ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«እማ! እማዬ!»

ድምጼ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ጠባቧን መንገድ ሁሉ ሮጥኩ። ወደ ክቡ አደባባይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ማረፊያችን... ምርኩዟን ይዤ እንደ እብድ ሮጥኩ። በምርኩዝም ብትሆን ሁለት መቶ እርምጃ ሳታርፍ የማትሄድ ሴት የት ትደርሳለች?

ከአርባ ደቂቃ በኋላ አገኘኋት።

ከተማዋን የከበበው ግንብ አናቱ ሰፊ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ብስክሌት ይነዳበታል። ወደዚያ የሚያስወጣው ዳገት ለእኔም ልብ ያደክማል። እናቴ ግን ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች።

ብቻዋን። ሁለቱንም እግሯን አጣጥፋ።

«የት ቆየህ?» አለችኝ ረጋ ብላ።

ተንበርክኬ አቀፍኳት። አለቀስኩ። «ምን አደረገሽ? የት ወሰደሽ?»

«ማን?»

«እጅሽን የያዘው!»

«ማንም አልያዘኝም። ሞቀኝና ንፋስ ልቀበል መጣሁ።»

ስልኬን አሳየኋት። የደወልኩበትን ሰዓት፣ የተነጋገርንበትን ደቂቃ። አየችውና ፈገግ አለች።

«አላስታውስም» አለች።

ተነሣች። ምርኩዙን ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ቁልቁለቱን ከፊቴ ቀድማ ወረደች። ቀጥ ብላ።

ስለ ዛፉ አልጠየቀችኝም። ያን ቀን አልጠየቀችኝም፣ አውሮፕላን ላይ አልጠየቀችኝም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀችኝም።

ሆላንድ ስንመለስ ሁሉም ሰው ደስ አለው። ሁይስአርትሱ ጉልበቷን አገላብጦ አየና ምንም የለም አለ። ሰብሪያ ስልክ ላይ እልል አለች።

«እኔ እኮ እውነቴን ነው ሰብሪያ» አልኳት ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ።

«ፀሐይ መትቶህ ነው። እናታችን ዳነች፣ አልሃምዱሊላህ በል እንጂ!»

አልሃምዱሊላህ አልኩ። አፌ ነው ያለው።

ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ብቻዬን ስሆን ወጥ ቤቱን ዘግቼ እበላ ጀመር። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ምግብ ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ ልብስ ታጥባለች። ግን ቀና ስል ሁልጊዜ እያየችኝ ነው። እናት ልጇን እንደምታይ አይደለም። አንድ ሰው ያጠናውን ትምህርት ሲከልስ እንደሚያየው ነው።

አንድ አርብ አክስቴ ፋሪዳ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ከኮምቦልቻ ደወለች። ከእናቴ ጋር ጥቂት አወሩ። ከዚያ እናቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወጣች።

«ሀሪስ» አለችኝ አክስቴ ቀስ ብላ። «እናትህን አገናኘኝ እስቲ።»

«አሁን አወራሻት አይደል እንዴ?»

ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«አይ ልጄ... እናትህን።»

በሳምንቱ እናቴ ራሷ ሰብሪያ ጋ መኖር እፈልጋለሁ አለች። አልተከራከርኩም። ዕቃዋን ስጭን እጄ ይቸኩል ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ሰላም ነበር።

ቅዳሜ ሰብሪያ ምሳ ጠራችኝ። ራይስዋይክ ትራም ፌርማታ ላይ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ወረድኩ። መንገድ ልሻገር ስጠብቅ፣ ከማዶ ወደ ዴልፍት ከተማ የሚሄደው ትራም መጥቶ ቆመ።

መስኮቱ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

ነጭ ሻሽ አድርጋለች። ፊቷ በጣም ከስቷል። ከንፈሯ ከድርቀት ተሰነጣጥቋል።

እናቴ ናት።

አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ። አንድ እጇን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምጽ ግን አይሰማም። ስሜን ነው... ስሜን እየደጋገመች ነው።

ስልኬ ጮኸ። ሰብሪያ ናት።

«የት ደረስክ? እማ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችህ ነው።»

«እማ... እዚያ ናት?»

«የት ትሁን ታዲያ? አጠገቤ ናት።»

«ሰብሪያ፣ እርግጠኛ ነሽ? እያየሻት ነው?»

«ምን ሆነሃል አንተ? እንካ፣ አነጋግራት።»

የትራሙ በር ተዘጋ።

በስልኩ የእናቴ ድምጽ መጣ። ረጋ ያለ፣ ለስላሳ።

«ና ልጄ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ። እዚያ ቆመህ ምን ታያለህ?»

ትራሙ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሮጥኩ። መስታወቱን በመዳፌ መታሁት።

ያን ጊዜ ነው ሌላኛውን እጇን ያየሁት። መቀመጫው ላይ፣ አጠገቧ በተቀመጠ ሰው እጅ ውስጥ ነበር። ጣቶቹ በጣቶቿ መሀል ገብተው አጥብቀው ይዘዋታል።

የሰማያዊ ሸሚዙ እጅጌ ብቻ ነው የታየኝ።