የማባበያው ድምፅ

ሚስትየው የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፤ «እኔ እስክዘጋው ድረስ መስመሩ ክፍት ነበር። ተኳርፈን ስለነበር አንነጋገርም፤ ክፍሉ ግን ይሰማኛል። ሽው የሚል ጸጥታ። የገባ ሰው፣ የጮኸ ሰው፣ የወደቀ ነገር አልሰማሁም። ባሌ በሕይወት እያለ ነው የዘጋሁበት።»

ከባልየው ቢሮ ቀጥሎ ባለው ክፍል የምትሠራው የድምፅ ጥራት ፈታኝ የሰጠችው ቃል ደግሞ እንዲህ ነው፤ «የቪዲዮ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ከግድግዳው ወዲያ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።»

ሁለቱ ቃሎች በአንድ ፋይል ውስጥ ተጎራብተዋል እንጂ አብረው መኖር አይችሉም። ሟች የድምፅና የምስል ጥሪ መሣሪያዎችን የሚሠራ ድርጅት የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። ቢሮው ውስጥ፣ የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰው፣ ጭንቅላቱ የመሣሪያ መደርደሪያውን የብረት ጠርዝ መትቶ ወድቆ ተገኘ። የሆነ ሰው ደረቱን ይዞ ገፍትሮታል። ሚስትየው መስመሩን የዘጋችው ስብሰባው ከተጋመሰ በኋላ ነው። የእሷ ቃል እውነት ከሆነ ሰውየው የወደቀው በስብሰባው ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም እዚያው የሚሠራው የሚስትየው ወንድምም ካሜራ ፊት ተቀምጠው የብዙ አገር ሰዎች ያዩአቸው ነበር። ከስብሰባው ውጭ የነበረችው ፈታኟ ብቻ ናት። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ፣ በዋዜማው ከሟች ጋር የተጯጯኸችውም እሷ።

የጣቢያው አዛዥ ፋይሉን ለመርማሪዋ ሲያቀብላት፣ «ያለቀ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ላይ ክስ ይመሠረታል። አንቺ ፈርመሽ አስረክቢ» አላት።

«ለምን?»

አዛዡ ሳቁን ዋጠው። ሴትየዋን ጣቢያው ሁሉ «እትዬ ለምን» የሚላት በከንቱ አልነበረም።

«ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ዋሽታለች፤ የምትዋሸው ደግሞ መዋሸት የሚጠቅማት ናት» አለ።

«ሁለቱም እውነት ተናግረው ቢሆንስ?»

«እንግዲያው ግድግዳው ነዋ የዋሸው!»

«ሄጄ ልጠይቀዋ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ድርጅቱ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ይዟል። ወፍራሙ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ተቀብሏት በኮሪደሩ እየመራት ሳለ ያለማቋረጥ ያወራ ነበር፤ ዝም ካለ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። በዚያ ቀን የተሰበሰቡት ለምን እንደሆነ አስረዳት። የአንዱ ፋብሪካ ስልክ ከሌላው ፋብሪካ ስልክ ጋር እንዲግባባ ሁሉም የሚስማማበት ደንብ፣ እነሱ ስታንዳርድ የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ድርጅቱ በደካማ ኔትወርክ ላይ ድምፅ ሳይቆራረጥ የሚያልፍበትን መንገድ ነድፎ ለዓለም አቀፉ ኮሚቴ አቅርቦ ነበር።

«ኃላፊው በስብሰባው ላይ አለመኖሩ አላስገረማችሁም?»

«ተናዷል፣ አይመጣም ተባልን። አማቹ በእሱ ፈንታ አቀረበው። ሐሳቡም ጸደቀ።» ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «አጨበጨብን፣ እትዬ። እሱ እዚህ ወድቆ፣ እኛ እዚያ እናጨበጭባለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ማየት አስጠልቶኛል።»

«ተናዷል ያለው ማን ነው?»

«አማቹ፤ የሚስቱ ወንድም። እኛ እዚህ አንቀጽ ነው የምንለው። የደንቡን አንቀጾች የጻፈው እሱ ነው፤ ሰላም ስትዪው እንኳ በስንተኛው አንቀጽ መሠረት እንደሆነ ይጠይቅሻል።»

እትዬ ለምን የሟች ወንበር ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋን አየች። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ማጉያ ያለው ስልክ አለ። ከመደርደሪያው አናት ላይ ደግሞ የመሣሪያ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ይነሣና እንደሚያንኮራፋ ሰው ክር ክር ክር ይላል፤ ትንሽ ያርፍና እንደገና ይጀምራል።

«ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ዓመቱን ሙሉ! አስጠግነው ስንለው፣ ‹እሱ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም› ይለን ነበር።»

ፈታኟ በአጠገቡ ባለው ክፍል ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ጥፍሮቿን ነክሳ የጨረሰች ወጣት ናት።

«ኃላፊው በዋዜማው ለምን ጮኸብሽ?»

«ውጤት አምጪ አለኝ። ሰዎች ሰብስበን ድምፁን እናሰማቸዋለን፤ ስለጥራቱ ከአምስት ነጥብ ይሰጣሉ። ‹ነጥብ የሰጡት ሰዎች የታሉ?› አለኝ። ‹ያንን የሰበሰበው አንቀጽ ነው፣ እሱን ጠይቅ› አልኩት። አልሰማኝም። ጮኸ፣ ጮኽኩ።»

«ሲወድቅ ስትሰሚ ለምን ሄደሽ አላየሽም?»

«ተናዶ የሆነ ነገር የወረወረ መሰለኝ። እንኳን፣ ይበለው አልኩ። ወደ ታች ወርጄ አየር ስቀበል ቆየሁ። ሐኪሙ ‹ወዲያው ቢደረስለት ይተርፍ ነበር› ብሏል አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች እትዬ ለምን። ማባበል አልወደደችም።

«እንግዲያው ቢያስሩኝም አልፈርድባቸውም። ግን እኔ አልነካሁትም፣ እትዬ።»

ከዚያ ወደ ሟች ቤት ሄደች። ሚስትየው መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሐዘን ድምፅዋን አድርቆታል። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻዋን ይደባብሳል።

«እንግዲህ የዚያን ቀን ባለቤትሽ ስልክ ደወለልሽ…» ብላ ጀመረች እትዬ ለምን።

«በትክክል ለመናገር ስልክ አልነበረም» አለ ወንድምየው። «በኔትወርክ የተደረገ የድምፅ ጥሪ ነው። ልዩነት አለው።»

«ይቅርታ፣ ጥሪ። ተኳርፋችሁ ሳለ ለምን አልተዘጋም?»

ሚስትየው ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «የቤታችን ደንብ ነው። ተጣልተን ሳለ መጀመሪያ የዘጋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ስለዚህ ማንም አይዘጋም። እኔ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሰው አስተናግዳለሁ፤ እሱ ይሠራል፣ ሠራተኛ ይቆጣል፣ ሁሉንም እሰማለሁ። በዋዜማው ልጅቷ ላይ ሲጮህ እንኳ መስመር ላይ ነበርኩ። ከሥራው የሚደብቀኝ ነገር አልነበረም።»

«የዚያን ቀን ጠባችሁ ምን ነበር?»

«‹ዛሬ በማደርገው ነገር ቤተሰቦችሽ ይቀየሙኛል› አለኝ። ምንድን ነው ስለው ‹ማታ እነግርሻለሁ› አለ። ተናደድኩ። ዝም አልኩት፤ ዝም አለኝ። በመጨረሻ ዘጋሁበት። ተሸንፌ አይደለም፣ ልቤ ደክሞ ነው። አንድ ቃል ብናገረው ኖሮ…»

«ማራገቢያው ይሰማሽ ነበር?»

«ወይ ያ ጉድ! ስናወራ ይነዘንዘኝ ነበር። ከዚያ…» ቆም አለች። «ከዚያ ተወኝ መሰለኝ። ሽው የሚለው ብቻ ቀረ።»

«የክፍሉ ድምፅ ነዋ፣ እታለም» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ። «መስመሩ ክፍት ነበር።»

እትዬ ለምን ቀና ብላ ለአፍታ አየችው። ከዚያ አመስግና ወጣች።

ወደ ድርጅቱ ተመልሳ ሥራ አስኪያጁን በሟች ስልክ እንዲደውልላት አድርጋ፣ በራሷ ስልክ እያዳመጠች ደረጃውን ወረደች። ክር ክር ክር የሚለው በጆሮዋ መጣ። «አሁን የስልኩን ድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ ተጫናት» አለችው። የማራገቢያው ድምፅ ጠፋ። ሽው የሚል ለስላሳ ጸጥታ ግን ቀረ።

ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ማራገቢያው መደርደሪያው ላይ አሁንም ክር ክር ይላል። «አጠፋኸው?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ የምሰማው ምንድን ነው?»

«የራስሽን ስልክ ነው። ከወዲህ ምንም አይላክም። ሰው ጭር ያለ መስመር ሲሰማ ‹ሄሎ፣ ሄሎ› እያለ ይዘጋል። ስለዚህ የሚያዳምጠው ስልክ ራሱ ትንሽ ሽውታ ይፈጥራል፤ ሰው ያለ እንዲመስል። እዚህ ማባበያ እንለዋለን።»

«ስለ ማባበያው በደንቡ ውስጥ የጻፈው ማን ነው?»

«አንቀጽ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ እጁን ከስልኩ ላይ አነሣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ። አዛዡ የክሱን ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሟል። ፈታኟ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ሥራ አስኪያጁ ከመካከል፣ እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ሁለት እውነተኛ ቃል ነው ያለን» አለች እትዬ ለምን። «ይቺ ልጅ ሲወድቅ ሰምታለች። ሚስቱ ሲወድቅ አልሰማችም። ሁለቱም አልዋሹም። ሚስቱ ሽውታውን ስትሰማ ከባሏ ክፍል ምንም አይደርሳትም ነበር። የምትሰማው የራሷን ስልክ ማባበያ ነው፤ ሰውየውም የወደቀው ልጅቷ እንዳለችው ስብሰባው ሳይጀመር ነው። ይህን እንዴት አወቅሁ? ማራገቢያው ድንገት ጠፋባት። ማራገቢያው ግን ጥቂት እያረፈ ዛሬም ይጮኻል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ድምፅ ማጥፊያዋን የተጫናት ሰው አለ።»

«ማን?» አለ አዛዡ።

«ከመውደቁ በፊት ነው፤ ከኋላ ቢሆን ሚስቱ አወዳደቁን ትሰማ ነበር። እንግዲህ ሟች ራሱ ነው። ለምን? ሰው ገብቶበት፣ የሚነጋገሩትን ሚስቱ እንድትሰማ ስላልፈለገ። ይቺ ልጅ ብትሆን አይደብቅም፤ በዋዜማው ሚስቱ እየሰማች ጮኾባታል። ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው በፊት እዚህ ካሜራ ከሚተክሉት ሰዎች ጋር ነበር። ሟች በዚያ ቀን የሚስቱን ቤተሰብ የሚያስቀይም ነገር ሊያደርግ ነበር። ነጥብ የሰጡትን ሰዎች ሲፈልግ አጥቷቸዋል፤ ፈልጌ እኔም አጣኋቸው። ነጥቡ የፈጠራ ነው። ሐሳቡን ከኮሚቴው ሊያስወጣ ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ልትለምነው ገባህ። እህትህ ጉድህን እንዳትሰማ ብሎ ቁልፏን ተጫነ። ለመንከው፣ እምቢ አለህ፣ ደረቱን ያዝከው።»

«እኔ ቢሮዬ ነበርኩ» አለ አንቀጽ።

«ስልክ ስል ‹ጥሪ ነው› ብለህ አረምከኝ። እህትህ ‹ሽው የሚለው ብቻ ቀረ› ስትል ግን ‹የክፍሉ ድምፅ ነው› አልካት። በዚህ አገር ስለ ማባበያው ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ጽፈኸዋል። በሕይወትህ አንድ ቀን እያወቅህ ስሕተት ተናገርክ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። አንቀጽ ግን ድምፁ አልተለወጠም።

«ግምት ነው። መሣሪያው የሚመዘግበው ጥሪው የተጀመረበትንና የተዘጋበትን ብቻ ነው። ቁልፏ መነካቷን የሚያሳይ ነገር የለም።»

«ልክ ነህ» አለች እትዬ ለምን። «ማራገቢያው ስለመጥፋቱ ያለኝ የእህትህ ጆሮ ብቻ ነው። እሱንም ገና አልፈረመችም። ካልፈረመች ይቺ ልጅ ዛሬ ትከሰሳለች።»

አንቀጽ ወደ እህቱ ዞሮ እጇን ያዘ። «እታለም፣ ሰው ታስተናግጂ ነበር። ደክሞሽ ነበር። እርግጠኛ አይደለሽም፣ አይደል? ንገሪያት። እናታችን በዚህ ዕድሜዋ…»

ፈታኟ አንገቷን ደፍታለች፤ አልለመነችም። ሚስትየው ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ስትወጣ» አለችው፣ «ይተነፍስ ነበር?»

ወንድምየው ዐይኑን ወደ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን አዞረ።

«እኔኮ ጠልቶኝ ዝም ያለ መስሎኝ ነበር» አለች። «ስንት ቀን ራሴን ገደልኩ፤ አንተም አጠገቤ ሆነህ ትከሻዬን ትደባብሳለህ። ሽውታው ምን እንደሆነ እያወቅህ።»

«እታለም…»

እጇን ከእጁ አወጣች። ተነሥታ ቆመች።

«እትዬ፣ ቃሌን ይጻፉ፤ እፈርማለሁ። ከዚህ ወጥቼ ደግሞ እናታችን ጋ እሄዳለሁ። ከሌላ ሰው አትሰማውም፤ እኔው እነግራታለሁ።»