የማኅደሩ ስፌት

እውን ይሄ ልጅ የሰው ነፍስ አጥፍቶ ይሆን? ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ይህንኑ ራሳቸውን ሲጠይቁ ነጋባቸው፤ መልሱን ግን ከየት ያምጡት? ትናንት ከምሳ በኋላ የልጅ ልጃቸው ፊልጶስ ከሚሠራበት የአያ ዓለምነው የቆዳ ስፌት ሱቅ ሮጦ መጣ። ሸሚዙ ደም ነክቶታል።

«እምዬ! አያ ዓለምነው ሞቷል! ላነሳው ብል እጁ ቀዝቅዟል!»

እሳቸው ምንም አልጠየቁትም። ሸሚዙን አስወልቀው፣ ሰው ሳያይ አጥበው ጓሮ አሰጡት።

አሁን መርማሪዋ ናዝራዊት ፊልጶስንና የሟቹን ቅርብ ሰዎች ሰብስባ እቤታቸው ተቀምጣለች። እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«እማማ፣ ሱቁ ከግድግዳዎ ጋር የተያያዘ ነው። የስፌት መኪናውን ድምፅ እስከ መቼ ሰሙ?»

«ምሳ እስካቀርብ ድረስ ሲሠራ ነበር። ከዚያ መኪናው ዝም አለ፤ ወዲያው ባዬ እዚህ ገባ።»

ባዬ ገንዘብ ያዋጣ የሟቹ ሸሪክ፣ የእሳቸው ደግሞ ተከራይ ነው። «ሲሰፋ አይቼው ነው የወጣሁት» አለ። «ከዚያ ፊልጶስ እየጮኸ እስኪመጣ ከዚህ አልተነሳሁም። ይመስክሩልኝ እንጂ፣ እማማ!»

«እውነቱን ነው» አሉ አሮጊቷ በደከመ ድምፅ። ይህቺ እውነት ልጃቸውን ወደ እስር ቤት እየገፋችው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ፊልጶስ ከትክል ድንጋይ ከተማ ከመጣው አውቶቡስ ወርዶ ሱቁ የገባው ከምሳ በኋላ ነው፤ ከእሱ ሌላ ሲገባ የታየም የለም።

የሟቹ ሚስት ሸዋአየሁ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ባሏ ሲሞት ተረኛ ነበረች። ፊልጶስን አየችው። «ምን አድርጎህ ነው? እንደ ልጁ አልነበርህም?»

ናዝራዊት መኪናው ላይ የተገኘውን ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለመጽሐፍ ማኅደር የተጀመረ ስፌት ነው። «ፊልጶስ፣ ገልብጠህ እየው።»

«እስከዚህ የአያ ዓለምነው እጅ ነው። እዚህ ክሩ ተበጥሷል። ከዚህ ወዲያ ግን ክሩ ከስር ቀለበት ቀለበት እየሠራ ተንዘላዝሏል።»

«የክር ማጥበቂያውን እኮ እስከ መጨረሻው አዙረውታል። ምነው ታዲያ አልጠበቀም?» አለች ናዝራዊት።

«ክሩ ሲገባ ቆዳውን የሚጫነው የመኪናው እግር አልተነሳማ! እግሩ ወርዶ ከሆነ የማጥበቂያው ብረቶች ገጥመው ይቆያሉ፤ ክሩ መሐላቸው አይገባም። ቢያጠብቁት ምኑን ሊይዝ? አያ ዓለምነው ለማጅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳየው ይህን ነው።»

«ኧረ ተወን!» ባዬ ሳቀ። «ሽማግሌ አይደለም እንዴ? ረስቶ ይሆናላ!»

«ይሆናል» አለች ናዝራዊት። ቆዳውን መልሳ ገለበጠችው። «ይህን የደም ጠብታ እዩ። ክሩ በላዩ አልፏል፤ ግን ነጭ ነው። ደሙ ከስፌቱ በኋላ ቢፈስ ክሩ ይጠጣው ነበር። ስለዚህ የተሰፋው ሰውዬው ወድቆ፣ ደሙም ከደረቀ በኋላ ነው። እማማ መጨረሻ ላይ የሰሙት መኪና በሟቹ እጅ አልነበረም።»

ወደ ባዬ ዞረች።

«ያን ጊዜ ፊልጶስ አውቶቡስ ላይ ነበር፤ ረዳቱን ጠይቄያለሁ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሆስፒታል ነበሩ። ‹ሲሰፋ አየሁት› ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙት ሲሰፋ አይተሃል፣ ባዬ?»

ባዬ ላቡን ጠረገ። «ሱቁን ለፊልጶስ ልስጥ፣ አንተ ውጣ አለኝ። ገፋሁት እንጂ... የመኪናው ብረት ይመታዋል ብዬ አላሰብሁም።»

«ከዚያስ?» አለች ሸዋአየሁ። «እግርህ ስር ተጋድሞ፣ በሕይወት ያለ እንዲመስል አንተ ቁጭ ብለህ ሰፋህ?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ባዬን ይዞት ወጣ።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመስገን! ልጄ ንጹሕ ነው!»

ናዝራዊት ቦርሳዋን አነሳች። «አንድ ነገር ቀረኝ። ፊልጶስ ሬሳውን ለማንሳት መሞከሩን ነግሮኛል፤ ደም የነካውን ሸሚዝ ግን ታጥቦ አገኘሁት። እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማስረጃ መሆኑን እያወቁ? ልጁን ምን እንደሆነ ጠይቀውት ነበር?»

አሮጊቷ አቀረቀሩ። ፊልጶስ ትክ ብሎ አያቸው። ሸሚዙን ያስወለቁት ለእሱ አዝነው፣ ደሙን እንዳያይ ብለው መስሎት ነበር፤ ለካ እሱን ጠርጥረው ኖሯል። ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ልጄ፣ ውጭው ብርድ ነው፤ ጋቢ እንኳ ደርብ...»

ጋቢውን ይዘው በር ድረስ ተከተሉት። እሱ ሳይቀበላቸው ደጁን ተሻግሮ ሄደ።