የእትዬ ዘነበች ዋስ

እኔ ወዳጄ፣ የጋኔንና የዛር ወሬ ሲነሳ ነጠላዬን አጣፍቼ ውልቅ የምል ሰው ነበርኩ፣ "ሥራ የፈታ አፍ ነው" እያልኩ ስንቱን አሳፍሬያለሁ፣ ዛሬ የማወራህ ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው፣ ብታምን ባታምን ያንተ ፈንታ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ እህል መዛኝ ነበርኩ። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጣቢያው በታች በሣር ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች፣ ቁርጥማት እግሯን ስለያዛት በምርኩዝ ነው የምትንቀሳቀሰው። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ አንድ ጎጆ ከተያያዘ ሰፈሩ አለቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዳኛው ደንብ አወጡ፤ ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ይገረፋል፣ በሐሰት ኡኡ ያለ ዋስ ይጠራል፣ ከደገመ ዋሱ በገበያ መካከል ይገረፋል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ከእትዬ ቤት ኡኡታ ተሰማ አሉ፣ ሰው ውሃውንም ዱላውንም ይዞ ሲደርስ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ትንፍሽ አላልኩም ብትል ማን ይመናት፣ በሽማግሌ ተማረች። በሳምንቱ ያው ድምፅ፣ ያው የሷ ድምፅ ደገመ፣ እሳት የለ፣ ሌባ የለ፣ አሁንም አላልኩም አለች። ዳኛው ዋስ ጥሪ አሏት፣ ከእኔ ሌላ ማን አላት፣ እኔ ሆንኩ። ማታ ቤቷ ሄጄ ተቆጣኋት፣ ማርያምን፣ እንደዚያ ቀን ተቆጥቻት አላውቅም፣ አፍሽን ያዢ፣ በሰው ፊት አታስገርፊኝ አልኳት።

"እኔ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አንተን በእኔ ምክንያት ጅራፍ አይነካህም" አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ቀትር ላይ ከባልደረባዬ ከቱፋ ጋር በቆሎ ስንመዝን ኡኡታዋን ሰማሁ። ያሳደገችኝን ሰው ድምፅ እንዴት እስታለሁ፣ የሷ ነው። ቱፋን ሰማህ ወይ ስለው "ማል ጄታ?"፣ ምን ትላለህ ብሎ በኦሮምኛ ሳቀብኝ፣ ነፋሱ ነው አለኝ። ደገመ፣ ይሄኔ ጆሮዬ ሥር ቀርቦ ስሜን ጠራ። ቱፋ ጆንያውን ይሰፋል፣ ተሸካሚዎቹ ይሳሳቃሉ፣ አንድም ቀና ያለ ሰው የለም። ታዲያ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስ አለኝ። ሰው ካልሰማ ጅራፉ ቀረልኝ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝና ወደ ሚዛኔ ዞርኩ።

ጭሱን ያየው ቱፋ ነው። ስንደርስ ጣሪያው ወርዷል፣ እሷን ከበሩ ሥር አወጣናት፣ እሳቱ ብዙም አልነካት፣ ጭሱ ነው የገደላት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች፣ ሴቶቹ ናቸው እያለቀሱ ያወጡት። ኡኡ እንዳትል ነው፣ እኔን እንዳታስገርፍ።

ከቀብር መልስ ዳኛው ሰፈሩን ለአውጫጭኝ ሰበሰቡ፣ ኡኡታ ሰምቶ የቀረ ማነው ብለው አንድ በአንድ አስማሉ፣ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ሳትቀር ሁሉም አልሰማንም ብሎ ማለ። ተራዬ ሲደርስ ሰምቻለሁ አልኩ፣ ሁለቴ ሰምቼ ቀርቻለሁ አልኩና ጋቢዬን አውልቄ መሬት ላይ ተደፋሁ። ዳኛው ከእኔ ሌላ የሰማ እንዳለ ጠየቁ፣ ማንም አልነበረም።

"አንድ ሰው ብቻ የሰማው ኡኡታ አይባልም" አሉኝ፣ በሐዘኔታ ነው ያሉኝ፣ "ተነስ ልጄ፣ ሂድና እህትህን አልቅስ።"

የፊተኞቹን ሁለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እሷ አላልኩም አለች፣ የኋለኛው አፏ ተወትፎ ሳለ ለእኔ ብቻ ተሰማ፣ የማን ድምፅ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ የጠየቅኳቸው ቄስም አላወቁልኝ። ያን ቀን ግን ከመሬት አልነሳም አልኩ፣ ግረፉኝ ብዬ ለመንኩ፣ ሐዘን አዞረው እያሉ ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው አነሱኝ፣ ጋቢዬንም መልሰው አለበሱኝ።