አንድ ሺህ ሰማንያ

የጽዳት ሠራተኛዋ እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድማ የቤት ዕቃ መደብሩን ከፈተች። ወለሉን ወለወለች። የሶፋዎቹን አቧራ አራገፈች። የሥልጠና ክፍሉን በር ገርበብ አድርጋ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ መሰላት።

አሠልጣኙ ገብቶ መሳቢያውን ሲከፍት ግን የፈተናው መልስ የተጻፈበት ወረቀት የለም። በዚያው ቀን ሦስት ሻጮች ለሽያጭ ኃላፊነት ሊፈተኑ ነው።

ሥራ አስኪያጁ የጽዳት ሠራተኛዋን እያመለከተ ሻጮቹ ፊት ተናገረ። "ቁልፍ ያላት እሷ ናት። ወረቀቱ እስከ ማታ ካልተገኘ ቁልፉን አስረክባ ትሂድ።"

"ምን ላደርገው ነው የምወስደው?" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። "መስተዋት ልወለውልበት?"

የጥበቃ ኃላፊዋ የቀድሞ መርማሪ ፖሊስ ናት። አሠልጣኙን ለብቻው ጠራችው።

"ከባዱ ጥያቄ የትኛው ነው?"

"የመጨረሻው። ዋጋው ሁለት ሺህ የሆነ ቁም ሣጥን ሃያ አምስት በመቶ ይቀነስለታል። ከቀሪው ላይ ሃያ በመቶ፣ ከዚያም ቀሪ ላይ አሥር በመቶ። ስንት ይሸጣል?"

"እስቲ እዚህ ሥራው።"

ጻፈ። አንድ ሺህ አምስት መቶ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። አንድ ሺህ ሰማንያ። እጁ ቆመ።

"ምነው?"

"የጠፋው ወረቀት ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ብዬ ነው የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ።"

"ለማን ተናገርክ?"

"አሁን ለእርስዎ።"

"በል ዝም በል። ፈተናው ይሰጥ።"

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ የፈተና ወረቀቶች የጥበቃ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ታናሽየዋ ሻጭ ቅናሾቹን ደምራ አምሳ አምስት በመቶ ቀንሳለች፤ መልሷ ዘጠኝ መቶ። ስህተት ነው፤ ግን የራሷ ስህተት ነው። ሁለተኛው ሻጭ በትክክል መልሷል።

ሦስተኛው ወረቀት አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ይላል።

የወረቀቱ ባለቤት ባልደረቦቹ "ካልኩሌተር" የሚሉት አንጋፋ ሻጭ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅናሽ በቅናሽ ላይ ሲመጣ ሁሉም ወደ እሱ ጥግ ይጣራል። እሱም ቀና ሳይል መልሱን ይናገራል።

ኃላፊዋ አስጠራችው። የተፈተነበትን ወረቀት ገልብጣ አሳየችው። በጀርባው አንድ ሺህ ሰማንያ ተጽፎ በአንድ መስመር ተሰርዟል።

"ጋሼ፣ አግኝተውት ነበር እኮ። ለምን ሰረዙት?"

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አስቀመጠ።

"ይኼ ሌላ ይላል። በሩ ክፍት ነበር፣ ገባሁ። ልጆቹ የተማሩ ናቸው፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። የወረቀት ፈተና ፈራሁ።"

"ሲያሰሉትስ?"

"ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ሦስቴም አንድ ሺህ ሰማንያ መጣ። የተማረ የጻፈውን ትቼ የራሴን ልመን?"

"እሷ ልትባረር እንደሆነ ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተውም ዝም አሉ።"

"አዎ። ዝም አልኩ።"

ማምሻውን አንጋፋው ሻጭ ከሥራ ተሰናብቶ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

"አይ ጋሼ፤ በእጅ የያዙት ወርቅ..." አለችና ተወችው።

ሁለተኛው ሻጭ የሽያጭ ኃላፊ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ደንበኛ ሁለት ቅናሽ የተለጠፈበት ጠረጴዛ ዋጋ ጠየቀ። ታናሽየዋ ሻጭ ከልማድ ወደ ጥጉ ዞረች።

መደብሩ ውስጥ አሁን ቅናሽ በቃሉ የሚያሰላ ሰው የለም።